በነጥብ ነጥብ ስም

ሰኞ፣ ቀን 41

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ቃለ ጉባኤው የኮሚቴው ነው፤ ይህ የኔ ነው። ከእንግዲህ ቀን የሚቆጠረው ሪፐብሊኩ ከታወጀበት ዕለት ጀምሮ ነው የሚል መመሪያ ትናንት ወጥቷል። ስለዚህ ሃያ ሰባት ዓመት በመንግሥት ሥራ የኖርኩ ሰው ዛሬ የአርባ አንድ ቀን ጨቅላ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጥ። ንጉሡ በሄዱ ማግስት የወጣው አዋጅ ቁጥር አንድ «በፈጣሪና በንጉሡ ስም» የሚለውን የድሮ መሐላ ሰረዘ። መሰረዙ ደግ ነበር። በምትኩ ምን ተብሎ እንደሚማል ግን ማንም አላሰበበትም። መሐላ ከሌለ ዳኛው ዳኛ አይሆንም፣ ወታደሩ ወታደር አይሆንም፣ ምስክሩም ምስክር አይሆንም። ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ ስላልማሉ ተጠባባቂ ናቸው፤ ተጠባባቂ ደግሞ አይፈርምም። ፍርድ ቤቶች በራቸው ላይ «መሐላ እስኪመጣ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ስለዚህ የመሐላ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በአሥር ቀን ይጨርሳል ተብሎ። ይኸው ወር አለፈው። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ።

የምንሰበሰበው የንጉሡ ልብስ ይሰፋበት በነበረው ክፍል ነው፤ የሌላው ክፍል ጣሪያ ሁሉ ያፈስሳል። ሦስቱ ግድግዳ መስታወት ነው። ተናጋሪው ሁሉ ሲናገር ራሱን ያያል፤ ንግግሩ የሚረዝመው ለዚህ ይመስለኛል። ጥግ ላይ የንጉሡ ልብስ ይለካበት የነበረ ጭንቅላት የሌለው የእንጨት ገላ ቆሟል። ቦርጩ ሳይቀር በልካቸው የተሠራ ነው። «ይነሣልን» ብለን ደብዳቤ ጽፈናል። የሚያነሣው ክፍል ኃላፊ ገና ስላልማለ አልተነሣም።

ቤት ስገባ አማቴ እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ መቼ ነው የሚፈታው?»

«መሐላው ሲያልቅ፣ እማማ።»

«የምትጽፈው አንተ አይደለህ እንዴ? ጻፈዋ!»

ረቡዕ፣ ቀን 43

የሪፐብሊክ መሐላ ፈጣሪን ይጥራ ወይስ አይጥራ? የባለፈው ሳምንት ጥያቄ ነው። የዚያኛው ሳምንትም ነበር።

ከኮሚቴው አባላት ፕሮፌሰሩ በፈጣሪ አያምኑም፤ አርባ ዓመት ይህንኑ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ናቸው «ይግባ!» የሚሉት። «ንጉሥ ባለበት አገር ሰው የሚፈራው አለው። ሪፐብሊክ ውስጥ ሁሉም እኩል ነው፤ እኩያውን የሚፈራ ማን አለ? ሕግ እጅን ነው የሚይዘው። ልብን የሚይዝ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ዜጋው ማንም በማያየው ቦታ ምን ያደርጋል? ሪፐብሊክ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያ ነው!»

«እርስዎ ራስዎ አያምኑ!» አለች ጠበቃዋ።

«እኔማ ምን ያደርግልኛል፤ ጨዋ ነኝ። ለሌላው ነው።»

ጠበቃዋ ደግሞ በየቀኑ በምሳ ሰዓት በር ዘግታ ትጸልያለች። እሷ ናት «አይግባ!» የምትለው። «ዛሬ ስሙን ካስገባን ነገ ‹በማን አረዳድ?› የሚል ይመጣል። እንደኛ ያላለ ግማሽ ዜጋ ይሆናል። ከነገ ወዲያ ሹሙ በፈጣሪ ስም ይናገራል፤ ሹሙን የተቃወመ ፈጣሪን ተቃወመ ይባላል። ይህን ከንጉሡ ጋር አልሸኘነውም እንዴ?»

የሃይማኖት አባቶችን ወክለው የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባታችን የምንላቸው፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የተኙ መስሎን ነበር። ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ዘበኛ ልታደርጉት ነው» አሉ።

«ማንን፣ አባታችን?» አሉ ሰብሳቢው።

«ፈጣሪን ነዋ። በር ላይ አቁማችሁ ሌባ ልታስጠብቁት። እኔ የማውቀው ግን ቤተ መንግሥት የገባ ሃይማኖት ሲወጣ ልብሱን ለብሶ እንደማይወጣ ነው።»

ዘበኛ የሚለው ቃል ሲነሣ እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ጠረጴዛ ሥር ገብቼ እስካነሣው ድረስ ውይይቱ አመለጠኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሐሳብ ተለዋወጡ» ብዬ አልፌዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ቀን 46

ማረፊያ ቤት ሄጄ ሹፌሩን ጠየቅኩት። የኮሚቴው ሹፌር ነው፤ የባለቤቴም ታናሽ ወንድም ነው። ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። በ12ኛው ቀን፣ እሁድ፣ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ የኮሚቴው መኪና ዘበኛውን ገጨችው። እግሩ ተሰበረ። ፖሊስ ሲደርስ ሹፌሩ በመሪው በኩል ባለው በር ቆሞ ነበር። እኔ ስጠየቅ «ወረቀት እያነበብኩ ነበር» አልኩ። በእጄ ወረቀት ነበረ። ይህ እውነት ነው።

እንዳይፈረድበት ምስክር አይምልም። በዋስ እንዳይወጣ ዋሱም አይምልም። ስለዚህ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ከሳህ እኮ» አለኝ። «አይዞህ።»

የታሰረው እሱ ነው።

«መሐላው ምን ደረሰ?»

«እየተሠራ ነው።»

«ፍርድ ቤት ስትቀርብ ትናገራለህ፤ አይደል?»

«ፈጣሪ ምስክሬ ነው!» አልኩት። ይህን ስለው ሁለተኛዬ ነው። መጀመሪያ ያልኩት በዚያው እሁድ፣ በጆሮው ነበር።

ሰኞ፣ ቀን 48

ለሙያዬ ታማኝ ስለሆንኩ የኮሚቴውን ማቋቋሚያ መመሪያ እንደገና አነበብኩ። አንቀጽ ዘጠኝ፦ «አባላቱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይምላሉ።» እኛ አልማልንም። ለጠበቃዋ አሳየኋት። ላሳያት ግዴታ አልነበረብኝም፤ ግን አሠራር አሠራር ነው።

ክፍሉ ተናወጠ። ያልማለ ኮሚቴ ኮሚቴ አይደለም። ታዲያ እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ምንድን ነው? አራት ሰዓት ሙሉ ተከራክረው ስም አገኙለት፤ ጨዋታ ነው ተባለ። ከዛሬ ጀምሮ የምይዘው «የጨዋታ ማስታወሻ» ይባላል።

ሰብሳቢው የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ። ራሳቸውን ይዘው፣ «ድልድዩን ለመሥራት ወንዙን መሻገር አለብን፤ ወንዙን ለመሻገር ደግሞ ድልድዩ ያስፈልገናል» አሉ።

አማቴ፦ «ልጄ መቼ ነው የሚፈታው?»

«ትንሽ የአሠራር ችግር ገጥሞን ነው፣ እማማ።»

«ችግሩን ማን አመጣው?»

እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ታጥቤ ነበር።

ሐሙስ፣ ቀን 51

«ጨዋታው እንደ ውሳኔ ይቆጠር» የሚል ደብዳቤ ከተጠባባቂው ፕሬዚዳንት መጣ። ፊርማ የለውም። ተቀበልነው። ያን ያህል ይቸኩላሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

አርብ፣ ቀን 52

ዛሬ ፕሮፌሰሩ ታሰሩ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ።

ነገሩ የጀመረው ከሰብሳቢው ነው። «ሰው ከልቡ ሲምል ምን ይላል? ‹እናቴ ትሙት› ይላል። በሚወደው ነው የሚምለው። ለምን ከሕዝቡ አንማርም?» አሉ። ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነሡ። የፈለጉት ይኸው ነበር። ፈጣሪ በሌለበት አገርን የሚያስወድድ የሪፐብሊክ ሃይማኖት! ዜጋው አገሩን እንደ እናቱ ይማልባት! ወደ እንጨቱ ገላ ዞሩ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፣ መስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ፤ ከዚያም በሙሉ ድምፅ፦

«ሪፐብሊኩ ይሙት!»

መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሁለት የጸጥታ ሰዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ጠበቃዋ ልታስረዳቸው ሞከረች። «ታማኝነታቸውን እየገለጡ ነው! ‹እናቴ ትሙት› የሚል ሰው እናቱን ይጠላል ማለት ነው?»

«የሰው እናት የጸጥታ ክፍል የላትም» አለ አንደኛው፤ ይዟቸው ሄደ።

አባታችን ሲስቁ ሳል ያዛቸው። ውኃ ሰጠናቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ አባል ለሥራ ጉዳይ ወጡ» ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ቀን 57

የጠበቃዋ ሐሳብ፦ መሐላ መዋሸትን ይከለክል እንደሆነ በሙከራ እንየው። የሰብሳቢው ብስኩት በየረቡዕ ከሻይ ክፍሉ ይጠፋል። አንድ ገለልተኛ ሰው በተለያየ መሐላ እየማለ ስለ ብስኩቱ ይጠየቅ። ገለልተኛው ማን ይሁን? ጸሐፊው።

አንደኛ፣ በሪፐብሊኩ ስም። «ብስኩቱን አልበላሁም» ብዬ ማልኩ። ምንም አልተሰማኝም።

ሁለተኛ፣ በሕገ መንግሥቱ። ሕገ መንግሥቱ ገና ስላላለቀ እጄን ማውጫው ላይ አኑሬ ማልኩ። ይህም ቀላል ነበር።

ሦስተኛ፣ በፈጣሪ ስም። ድምፄ ትንሽ ተሰበረ፤ ግን ማልኩ። ክፍሉ ብርድ አለው።

በዚህ መሃል የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ጠበቃዋ፣ «እስቲ አንቺ፣ በምንድን ነው የምትምይው?» አለቻት።

«በምንም። እኔ ሰው መዋሸቱን የማውቀው ሲምል ነው።» ወለሉን መወልወል ጀመረች። ቆይታ ደግሞ፣ «ብስኩቱ የማን ነበር?»

«የሰብሳቢው።»

«ታዲያ ሰውዬው እዚህ ተቀምጠው የለም? እሳቸውን ዐይን ዐይናቸውን እያየ ይናገራ። ጣሪያ ጣሪያውን የሚያየው ምን ፍለጋ ነው?»

ጣሪያውን እያየሁ ነበር። ዝቅ ስል ሁሉም እኔን ያያሉ፤ በሦስቱ መስታወት ደግሞ ሦስት እኔ አሉ። በአራታችንም ደረት ላይ ፍርፋሪ አለ።

ቃለ ጉባኤው ላይ፦ «ሙከራው አመርቂ ውጤት አላስገኘም።» እሷ ያለችውን ግን አልጻፍኩም። የጽዳት ሠራተኛ የኮሚቴ አባል አይደለችም።

ሰኞ፣ ቀን 62

ዘበኛው በክራንች ወደ ሥራው ተመልሷል። ከተመለሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እኔ በኋላ በር ነው የምገባው፤ የኋላው በር ደረጃ አለው፣ ለጤና ጥሩ ነው። ዛሬ ግን የኋላው በር ተቆልፎ ነበር።

በሩን ሊከፍትልኝ በአንድ እግሩ እየነጠረ መጣ። እኔው ልክፈት ብለው እምቢ አለ። «ሥራዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንዴት ነው እግርህ?»

«ዶክተሩ ‹እንደ ድሮ አይሆንም› ብሎኛል። ይሁን፣ መቼስ። ያሳዘነኝ ሹፌሩ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ ምንም አላየሁም። ግን ሆን ብሎ አይደለም፤ ጥሩ ልጅ ነው።»

«ሆን ተብሎ አይደለም!» አልኩት ቶሎ ብዬ። «በፍጹም አይደለም!»

ትንሽ አየኝ። «እንዴት አወቁ? ወረቀት እያነበቡ ነበር ሲባል ሰማሁ።»

ዝናቡ መምጣቱን ነግሬው ገባሁ። ዝናብ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ቀን 65

ቸኩያለሁ። ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት እስከ ነገ ካላለቀ ኮሚቴውን እበትናለሁ ብለዋል። ሁሉም ጮኸ። በሁሉም ቃል ተስማምተዋል፤ «እውነቱን ብቻ» በሚለው፣ «ሳልጨምር ሳልቀንስ» በሚለው፣ በነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። የቀረው በማን ስም የሚለው ብቻ ነው። ሹፌሩ ሳል ይዞታል አሉኝ።

አርብ፣ ቀን 66

አልተስማሙም። ሰብሳቢው አሥር ሰዓት ላይ ኮታቸውን ለበሱና፣ «የተስማማንበትን ወደ ማተሚያ ቤት ላከው» ብለውኝ ሄዱ።

የተስማሙበት እንዲህ ይላል፦ «በ………… ስም እምላለሁ፤ እውነቱን ብቻ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ።» ነጥቦቹን የደረደርኩት ለጊዜው ነው፤ ስሙ ሲገኝ ሊሞላበት።

እንዲሁ ላክሁት። ያላለቀ ጽሑፍ ሲሄድ የማተሚያ ቤቱ አራሚ በቀይ አስምሮ ይመልሰዋል፤ ለመመለስም ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ይህን ስለማውቅ ነው የላክሁት አልልም። ሳላውቅ ነው የላክሁትም አልልም።

አማቴ ዛሬ አልጠየቁኝም። በር ላይ ቆመው አዩኝና ገቡ። ይህ ከጥያቄው ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ቀን 70

አታሙት!

በሕግ ጋዜጣው የፊት ገጽ፣ ከነነጥቡ። ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጥኩ። አራሚው የታለ? ስላልማለ ከሥራ ከታገደ ሁለት ወሩ ነው። የመጣላቸውን ሁሉ እንዳለ ያትማሉ።

ሕጉን ማረም የሚችለው የማለ ምክር ቤት ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ለመማል ሕጉ ይፈልጋል። ስለዚህ ነጥቦቹን ለመሰረዝ መጀመሪያ በነጥቦቹ መማል ግድ ነው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው።

ዛሬ እባረራለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ጠበቃዋ እጄን ጨበጠችኝ። «ማንም ግማሽ ዜጋ አይሆንም! በሩ ለሁሉም ክፍት ነው!» ፕሮፌሰሩ ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እያንዳንዱ የሚፈራውን ራሱ ይሞላበታል። እንዴት ያለ ረቂቅ ሐሳብ ነው! እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» አሉኝ። አባታችን ጋዜጣውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ነጥቦቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ፣ «መንግሥት ስለ ፈጣሪ ጽፎ ሳይዋሽ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ።

ወረቀቱን ሲመልሱልኝ እጄን ያዙኝ። «አንተ ግን ልጄ፣ ምን ልትሞላበት ነው?»

«እኔማ ጸሐፊ ነኝ፣ አባታችን።»

«እኮ» አሉ።

አርብ፣ ቀን 73

ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ ማሉ። «በ» ካሉ በኋላ ቆሙ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩ፤ ቀና አሉና፣ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው፣ እንደተጻፈው አነበቡት፦ «በነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ…» እስከ አሥራ ሁለት። ከዚያ ወታደሩ በአንድ ድምፅ ተከተለ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ወታደር አሥራ ሦስት ብሎ ተገኝቶ እንደገና እንዲምል ተደርጓል።

በከተማው ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ለንግድ ፈቃዱ በሚስቱ ስም ሊምል ፈልጎ ሚስቱ «የራስህን ጉድ በራስህ!» ብላ ከልክላዋለች።

ፍርድ ቤቶች ሰኞ ይከፈታሉ።

እሁድ፣ ቀን 75

ባለቤቴ ሸሚዝ ስትተኩስ ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ወንድሜ ያን ግቢ ዐይኑን ጨፍኖ ይነዳው ነበር» አለች።

«አደጋ ነገር ማንንም…»

«ስምንት ዓመት ሲነዳ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም።» ገልብጣ እጅጌውን ተኮሰች። «የወንድሜ ቀጠሮ አርብ ነው ተብሏል፤ ይህን ትለብሰዋለህ። ለፍርድ ቤት ነው።»

ንጹሕ ሸሚዝ ነው። ሦስት ጊዜ ተኮሰችው።

ረቡዕ፣ ቀን 78

መጥሪያው ደረሰኝ። በነጥቦቹ እምላለሁ። ሕጋዊ ነው፤ ፕሬዚዳንቱም ያሉት ይህንኑ ነው። ነጥብ ማንንም አይጎዳም። በነጥብ የማለ ሰው ምን ዋሸ ይባላል?

አርብ፣ ቀን 80

ሁሉን በሥርዓቱ እጽፋለሁ። ጊዜ አለኝ፤ ያለሁበት ቦታ ሌላ ሥራ የለም።

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሁለት ወር ከምናምን የተጠራቀመ ጉዳይ ነው። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት በጉልበቷ ማለች፤ ሕመሟን እያሳየች ስለነበር ዳኛው አመኗት። አንድ ነጋዴ ግን አሥራ ሁለቱን ነጥብ እንደ ውኃ አንቆረቆራቸው፤ ዳኛው ሳይወዱ ተቀበሉት። ሕግ ነው። ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ስሜ ተጠራ። ቆምኩ። ሹፌሩ በተከሳሽ ቦታ ነው፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ሰፍቶታል። ዘበኛው ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ባለቤቴ፣ ከጎኗ አማቴ።

«በማን ስም?» አሉ ዳኛው።

አፌን ከፈትኩ። ነጥብ ልል ነው። ጣሪያውን አየሁ። አዲስ የተቀባ ነጭ ጣሪያ ነው፤ ምንም የለበትም። የጽዳት ሠራተኛዋ ትዝ አለችኝ። አሁን የት ሆና ነው የምትስቅብኝ ብዬ ዐይኔን ዝቅ ሳደርግ ሹፌሩ እጁን ከደረቱ ከፍ አድርጎ በምልክት «አይዞህ» አለኝ።

ምነው ባላለኝ! ምነው በሰደበኝ!

«በዘበኛው እግር» አልኩ።

ዘበኛው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ኧረ የኔን እግር ተዉት ጌታዬ! የደረሰበት ይበቃዋል! ከፈለጉ በራስዎ እግር ይማሉ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ። በማን ስም?»

«እሺ፣ በእግሬ። በቀኝ እግሬ።»

«በቀኝ እግርህ ስትል?» ዳኛው ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ለመዝገቡ ነው የጠየቁት።

«ፍሬን መስሎት ነዳጅ በረገጠው እግሬ።»

ሳቁ ቆመ። የችሎቱ ጸሐፊ እስክሪብቶውን አንሥቶ ግራ ገብቶት ወደ ዳኛው ዞረ። የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ጭንቀቱ ገባኝ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህን በመሐላው ቦታ ልጻፈው ወይስ በምስክርነት ቃሉ?»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለቱም ነው» አሉ። «ሁለቱም ቦታ ጻፈው።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገርኩ። አምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጬ አላውቅም። በዚያ እሁድ ወረቀት ወስደን ከቢሮ ስንወጣ ሹፌሩን፣ «እስቲ ስጠኝ፤ ንጉሡ ሄደው የለም? ሁሉም እኩል ነው!» አልኩት። እምቢ አለኝ። የበላይህ ነኝ አልኩት። ሁሉም እኩል ነው ባልኩ በደቂቃው። ከመንዳቴ በፊት ግቢውን ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም እንዳያየኝ። ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ማንም አላየኝም።

ፕሮፌሰሩ ዜጋው ማንም በማያየው ቦታ ምን ያደርጋል ብለው በየሳምንቱ ሲጠይቁ፣ መልሱን የያዘው ሰው ጎናቸው ተቀምጦ ጥያቄውን ይጽፍ ነበር።

ዘበኛው ክራንቹን ይዞ ወጣ፤ በሩ ላይ ግን ቆሞ ሹፌሩን አቀፈው። እኔን አላየኝም። ልክ ነው።

ሹፌሩን ከምሳ በፊት ፈቱት። እኔን ከምሳ በኋላ አስገቡኝ።

ሰኞ፣ ቀን 83

የቅጣቱ ውሳኔ በሚመጣው ወር ነው። ያለሁት እሱ በነበረበት ክፍል ነው። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ቀኖቹን በምስማር እየጫረ ቆጥሯል፤ ስልሳ ስምንት ናቸው። እያንዳንዳቸውን በጣቴ ነካኋቸው። ይህን የማደርገው በየጠዋቱ ነው።

ይህን ደብተርና ካፖርቴን አርብ ማታውኑ ያመጣልኝ እሱ ነው። ከመስጠቱ በፊት አንብቦታል፤ አልደበቀኝም። «ብስኩቱን የምትበላው አንተ እንደነበርክ አውቅ ነበር» አለኝ። «ጋሼ» ግን አላለኝም።

አባታችን ጋዜጣ ልከውልኛል። ምክር ቤቱ በአሥራ ሁለቱ ነጥብ ምሎ ሥራ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው አጀንዳ ነጥቦቹን ማንሣት ነበር፤ በምን እንደሚተኩ ግን አልተስማሙም። አዲስ ኮሚቴ ይቋቋማል። ጸሐፊ ይፈልጋሉ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ መጣች፤ አማቴ አብረዋት። ባለቤቴ ሸሚዙን መልሳ ተኩሳ አምጥታለች። አማቴ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልፈለጉም። ምሳ ዕቃውን በፍርግርጉ ሥር ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ የልጃቸው ምሳ ዕቃ ነው፣ ያን ሁሉ ቀን ለሱ ያመላለሱበት። ይቅርታ ልል ጀመርኩ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ያውቃቸዋል። ፊቱ ቆሙና፣

«ልጄ መቼ ነው የሚፈታው?» አሉት።

«እንዴ፣ እማማ! ልጅዎ አርብ ተፈቷል እኮ!»

አማቴ ዞር ሳይሉ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱት።